ገብረ ጉንዳንና ጎረቤቱ

ከሕፃንነታችን ጀምሮ ገብረ ጉንዳን የትጋት ምሳሌ ሆኖ ሲጠቀስልን ኖሯል። ሰነፍ ሰው ወደ እርሱ ሄዶ ይማር ዘንድ ጠቢቡ ሰሎሞን መምከሩን የማያውቅ የለም። ምክሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን እርሱን ተጠግቶ አንድ የተሳሳተ አስተያየት በመካከላችን ሥር ሰድዷል፤ ይኸውም የሠራ ይኖራል፣ የጠፋም ስለ ሰነፈ ጠፋ የሚለው ነው። ይህ ስለ ራሱ ስለ ጉንዳኑ እንኳ እውነት አይደለም።

የስታንፎርድ ዩኒቨርስቲ ፕሮፌሰር ዲቦራ ጎርደን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ በአሜሪካ፣ በአሪዞናና በኒው ሜክሲኮ ወሰን አጠገብ ባለ ደረቅ ሜዳ ላይ ዘር ለቃሚ ቀይ ጉንዳኖችን ሲከታተሉ ኖረዋል። እያንዳንዱን ጉድጓድ በካርታ ላይ እያሰፈሩ የትኛው መንጋ እንደ ተወለደ፣ የትኛውም እንደ ሞተ መዝግበዋል። አንድ መንጋ ከ20 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። ነገር ግን የአንድ ዓመት መንጋ አጠገቡ ትልቅና የቈየ መንጋ ካለ የመትረፍ ዕድሉ ያንሳል። ይህም አብዛኛውን ጊዜ በጦርነት የሚሆን አይደለም፤ መገዳደሉ ጥቂት ነው። ትንሹ መንጋ የሚጎዳው ዘር የሚለቅምበት መሬት አስቀድሞ ስለ ተያዘበት ነው። ሠራተኞቹ የቱንም ያህል ቢተጉ፣ በተለቀመ መሬት ላይ ምን ያገኛሉ?

ከዚህም የሚያስደንቅ አለ። እኒሁ ፕሮፌሰር በዚያው አቈጣጠር በ2013 ባወጡት ጥናት፣ በደረቅና በሞቃት ቀን ለቀማውን ከሚቀንሱት መንጋዎች የሚወለዱት አዳዲስ መንጋዎች በዝተው ተገኝተዋል፤ ጉንዳን በደረቅ አየር ሲወጣ የአካሉን ውኃ ያጣልና። እንግዲህ ቤት መዋልም አንዳንድ ጊዜ ጥበብ ነው ማለት ነው።

የሰው ኑሮ በጉንዳን ሕግ ይመራ የምል አይደለሁም። የምለው፣ ምሳሌ አድርገን የምንጠራውን ፍጥረት አስቀድመን በትክክል እንወቀው ነው። ባዮሎጂ ስንማር የአንድ ጉንዳን ሥዕል ሥለን ራሱን፣ ደረቱንና ሆዱን እናመለክታለን። ይሁን እንጂ መንጋው የሚኖርበትን ወይም የሚጠፋበትን ምክንያት ከዚያ ሥዕል ላይ አናገኘውም፤ በእርሱና በጎረቤቱ መካከል ባለው መሬት ላይ ነው። ይህን ለማየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ችካል፣ ሜትርና ደብተር ይበቃል። የሚቸግረው ትዕግሥቱ ነው፤ የሚመረቀው ተማሪ መዝገቡን ለተከታዩ ማስረከብ አለበት። ስለዚህ መምህሮቻችን ከግቢያችን ጥቂት መሬት ለይተው በየዓመቱ የጉንዳን ጉድጓድ እንድንቈጥርበት እንዲፈቅዱልን እለምናለሁ። ያን ጊዜ አንዱን ጉድጓድ ባዶ ሆኖ ስናገኘው፣ «ሰነፈ» ከማለታችን በፊት «አጠገቡ ማን ነበረ?» ብለን መጠየቅ እንለምዳለን።