የጾሙ ጎመን ለፋሲካ ደረሰ

ዐቢይ ጾም ድንገት የሚመጣ እንግዳ አይደለም። የ2018ቱ የካቲት 9 ገባ፤ ሚያዝያ 4 ተፈታ። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ቀርቶ ግድግዳው ላይ ካላንደር የሰቀለ ሁሉ ከወራት በፊት ያውቀዋል። ታዲያ የወቅቱን ክፍያ ቀድመው የተቀበሉን የአትክልት እርሻ ኃላፊዎች እንዴት ሳያውቁት ቀሩ?

ውሉ ግልጽ ነበር። አባላት አስቀድመው ይከፍላሉ፤ እርሻው በየሳምንቱ ቅርጫት ያደርሳል። ምርቱ ሲያምር አብረን እንጠቀማለን፤ በረዶ ሲመታው አብረን እንጎዳለን። ተስማማን፤ ከፈልን። በጾሙ ምን ደረሰን? ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ደግሞ ሰላጣ። ጥቅል ጎመኑ የት ነበር? ካሮቱስ? በየቤቱ ዶሮ ሲበለት መጣ፤ ያውም ሦስት ሦስት ራስ ጎመን በአንድ ቅርጫት። ማን እንዲበላው ታስቦ?

«የአየር ጠባዩ ነው» ተባልን። የትኛው አየር? ውርጭ ከሆነ፣ በደጋ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ መውረዱ ዘንድሮ ተጀመረ? ተባይ ከሆነ፣ ያንኑ መደብ ሁለት ወቅት ተከታትሎ ጎመን ያስተከለው ማን ነው? ሰብል ማፈራረቅ ለገበሬ የሚነገር ምክር ብቻ ነው?

እስቲ ወደ ኋላ እንቁጠር። ጥቅል ጎመን ችግኝ ማፍያ ላይ ከአንድ ወር በላይ፣ ወደ መደብ ከተዛወረ በኋላ ሦስት ወር ገደማ ይፈልጋል። ለጾሙ መግቢያ እንዲደርስ ዘሩ መስከረም መጨረሻ፣ ቢዘገይ ጥቅምት መጀመሪያ መዘራት ነበረበት። ሽንኩርት አምስት ወር ገደማ ስለሚፈጅ ከዚያም ይቀድማል። ሚያዝያ ላይ የደረሰን ጎመን ታዲያ መቼ ተዘራ? ኅዳር ማለቂያ ወይስ ታኅሣሥ? ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ማለት ይኸው ነው።

ሒሳቡስ ከባድ ነው? ለመቶ ቤተሰብ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ራስ ቢታሰብ፣ ለጾሙ ስምንት ሳምንት 400 ራስ ይበቃል። በካሬ ሜትር አራት ችግኝ ቢተከል 100 ካሬ ሜትር ነው። አምስተኛው እጅ ይበላሻል ብለን 500 ችግኝ፣ 125 ካሬ እናድርገው። እርሳስና አንድ ገጽ ወረቀት። ይህን ገጽ ያየ አባል አለ? ገጹ ራሱስ አለ? አምስቱም መቶ በአንድ ቀን ከተተከሉ በአንድ ሳምንት እንደሚደርሱና የቆየው ራሱ እንደሚሰነጠቅ፣ ስለዚህም በየሁለት ሳምንቱ እየከፈሉ መትከል እንደሚሻል የነገራቸው ሠራተኛ አልነበረም? ወይስ ነግሮ የሚሰማው አጣ? (እኔ ሁለተኛውን እጠረጥራለሁ።)

«ዘር ጠፋ» የሚል ምክንያትም ሰማን። እውነት ነው፤ አብዛኛው የአትክልት ዘር ከውጭ ስለሚገባ ይጠፋል፤ ይወደዳልም። ግን ክፍያችን የተሰበሰበው አስቀድሞ ዘር ይገዛ ዘንድ አልነበረምን? ዘሩ መቼ ተገዛ? የሽንኩርት ዘር ከዓመት በላይ ከተቀመጠ የመብቀል አቅሙ ይወርዳል፤ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ቀን ያየ ሰው ነበር?

የዚህ ዓይነቱ እርሻ በአሜሪካ በ1986 እ.ኤ.አ. ሲጀመር፣ በኒው ሃምፕሸር ያለው ቴምፕል-ዊልተን አባላቱን ሰብስቦ የዓመቱን በጀት ፊታቸው ዘረጋ። እኛ ኪሳራውን ስንካፈል ዕቅዱን ለምን አልተካፈልንም? በረዶ ያወደመውን እንሸከማለን፤ ቃላችን ነው። ቀን ባለመቁጠር የጠፋውንም እንድንሸከም የፈረምነው የት ላይ ነው?

አሁን የቀጣዩ ወቅት ክፍያ እየተጠየቀ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የትኛው ሰብል፣ በየትኛው መደብ፣ በየትኛው ቀን ይዘራል? መልሱ በጽሑፍ ካልመጣ ገንዘባችሁን ያዙ።