ካርቱም፦ ከፍርስራሹ ውስጥ ቆሻሻው የቱ ነው? የተዘረፈውስ?

የሱዳን ጦር ሠራዊት የካርቱም ግዛትን ሙሉ በሙሉ ከፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ (አርኤስኤፍ) ነጻ ማውጣቱን በግንቦት 2017 ዓ.ም. ሲያውጅ፣ ከተማዋን የማጽዳት ኃላፊነት የወደቀው ጦርነቱ ክፉኛ ባዳከመው የግዛቱ የጽዳት ተቋም ላይ ነው። ካርቱምን፣ ኦምዱርማንን እና ባህሪን በሚያቅፈው ግዛት በየመንገዱ የተከመረው ግን የወትሮው የቤት ጥራጊ ብቻ አልነበረም። የተቃጠሉ መኪኖች፣ የፈራረሱ ግድግዳዎች እና ያልፈነዱ ተተኳሾች አሉበት። በየግቢውና በየአደባባዩ በችኮላ የተቆፈሩ መቃብሮችም ነበሩ። አካፋ የያዘ የጽዳት ሠራተኛ የፈንጂ ባለሙያ ቀድሞ ሳያይለት ሊነካው የማይገባ ክምር ብዙ ነው።

ጦርነቱ በሚያዝያ 7/2015 ዓ.ም. ከመፈንዳቱ በፊትም አገልግሎቱ የተሟላ አልነበረም። የጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ኤጀንሲ (ጃይካ) ባለፈው አስርት ዓመት ከግዛቱ ጋር የቆሻሻ አሰባሰቡን ለማሻሻል ሲሠራ፣ ዋናው ጥያቄ መኪናው ቀኑንና ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል ወይ የሚል ነበር። ነዋሪው ይመጣል ብሎ ካመነ ቆሻሻውን በሰዓቱ ያወጣል፤ ካላመነ ባዶ ቦታ ላይ ይጥላል ወይም ያቃጥላል። በዓይነት ለይቶ ማስቀመጥ የሚቻለው ይህ እምነት ከተገነባ በኋላ ነው።

መልሶ የመጠቀሙ ሥራ ግን መኪናውን አልጠበቀም። አዲስ አበባ ውስጥ "ቁራሌው" እያለ የሚዞረውን ነጋዴ ለሚያውቅ የካርቱም ገበያም እንግዳ አይሆንበትም። ብረቱን፣ ጣሳውን እና ፕላስቲኩን የሚለቅሙት ድሆች ናቸው፤ ትርፉን የሚያገኙት ደግሞ በኪሎ የሚረከቧቸው ነጋዴዎች ናቸው።

ጦርነቱ ይህንኑ ሰንሰለት ለሌላ ዓላማ አዋለው። ዘራፊዎች የኤሌክትሪክ መስመሮችን ከምሰሶ አወረዱ፣ ከመሬት ቆፍረው አወጡ፣ የትራንስፎርመሮችን ሆድ ቀደዱ፤ የፈለጉት መዳቡን ነው። የሽቦው ሽፋን ተቃጥሎ መዳቡ ከቀለጠ በኋላ ከየትኛው ሰፈር እንደመጣ ማወቅ አይቻልም። በቁራጭ ብረት ንግድ ሚዛን ላይ ከወላለቀ ፍሪጅ የወጣ መዳብ እና ከሆስፒታል መስመር የተነቀለ መዳብ ዋጋቸው አንድ ነው።

ለጽዳት ተቋሙ የቀረበው እውነተኛ ፈተና እዚህ ላይ ነው። የቁራጭ ብረት ንግድ በጅምላ ቢታገድ ዳቦውን ከጣሳ ለቀማ የሚያገኘው ሰው ይራባል፤ ንግዱም ወደ ጨለማ ይገባል። ያለ ገደብ ቢፈቀድ ደግሞ ዛሬ የሚዘረጋው አዲስ ሽቦ ነገ ለሽያጭ ይቀርባል። ሻጩንና የዕቃውን ምንጭ እየመዘገበ የሚረከብ ሕጋዊ ጣቢያ ከሁለቱም የተሻለ ይመስላል፤ ነገር ግን ደመወዝ የሚከፈለው መዝጋቢና ጉቦ የማይቀበል ጠባቂ ይፈልጋል።

የቤት ቆሻሻው ጉዳይ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። በግንቦት 2017 የኦምዱርማን የኃይል ማመንጫዎች በድሮን ተመትተው የውሃ ማጣሪያዎች በቆሙበት ወር ኮሌራ ተስፋፋ፤ የሱዳን ጤና ሚኒስቴር በአንድ ሳምንት ብቻ 172 ሰዎች መሞታቸውን አስታውቋል፤ አብዛኞቹ ሕሙማን የካርቱም ግዛት ነዋሪዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ወደ ግዛቱ መመለሳቸውን ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት (አይኦኤም) ይገልጻል። ተመላሹ ቤቱን ሲጠርግ የሚያወጣው የበሰበሰ ፍራሽና የምግብ ትርፍ መንገዱን ይሞላል፤ ዝናቡ ሲመጣ ቦዩን ይደፍናል።

ትልልቅ ፋብሪካ መትከልን እንደ መፍትሔ የሚያቀርቡ ወገኖች አይጠፉም። የአዲስ አበባው ረጲ ግን ጥንቃቄ ያስተምራል። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. በቆሼ የተናደው የቆሻሻ ክምር ከ110 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ከዓመት ከመንፈቅ ገደማ በኋላ አጠገቡ ቆሻሻን ወደ ኃይል የሚቀይረው ማመንጫ ተመረቀ፤ የቆሻሻው ችግር ግን በዚያ አላበቃም። በአፍሪካ ከተሞች ከሚጣለው አብዛኛው እርጥብ የምግብ ትርፍ ነው፤ ለማቃጠል ያስቸግራል፣ ለማዳበሪያ ግን ይመቻል። ሁለት ዓባዮች በሚገናኙባት፣ ዳርቻዋ ሁሉ አትክልት በሚበቅልባት ከተማ ማዳበሪያ ገዢ አያጣም፤ ቅድመ ሁኔታው የምግብ ትርፉ ከባትሪና ከተሰባበረ መስታወት ተለይቶ መሰብሰቡ ነው።

ለመለየት መኪናው በሰዓቱ መምጣት አለበት፤ ለመኪናው ነዳጅ ያስፈልጋል፤ የነዳጁ ወጪ በከፊል የሚሸፈነው ነዋሪው በሚከፍለው የአገልግሎት ክፍያ ነው። ቤቱን ባዶ ሆኖ ያገኘው፣ መብራት ያልተቀጠለለት ተመላሽ ግን ይህን ክፍያ ከየት እንደሚያመጣ መልስ አልተገኘለትም።