አንባቢው የመረጠውን መጠን አትሻሩበት

ለአማርኛ ድረ ገጽ ሠሪዎች በሙሉ
ጉዳዩ፦ ፊደልን በፒክስል ስለመቸንከር



ዓይኑ የደከመ ሰው የብራውዘሩን ማስተካከያ ከፍቶ፣ ሲመጣ 16 ፒክስል የነበረውን የፊደል መጠን 24 ያደርገዋል። ሬም በተባለው መለኪያ የተሠራ ገጽ ፈቃዱን ያከብርለታል፤ 1 ሬም ለእሱ 24 ፒክስል ነው። እናንተ 14 ፒክስል ብላችሁ የጻፋችሁት ግን 14 ሆኖ ይቀራል። ገጹን በሙሉ ማጉላት እንደሚችል አውቃለሁ። አንዴ የተናገረውን በየድረ ገጹ ለምን ይድገም?

በእኛ ፊደል ደግሞ ነገሩ ይብሳል። «ቢ»ን ከ«ቤ» የሚለያት እግሯ ሥር ያለው ሰረዝ ነው፤ የ«ቤ» ቀለበት ነው። ፊደሉ ሲያንስ ቀለበቱ ይደፈንና ለደካማ ዓይን ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። የላቲን ፊደል የሚችለውን ትንሽነት የእኛ አይችለውም።

«ሬምን አሮጌ ብራውዘር አይደግፈውም» የሚለው ምክንያት በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 8 ዘመን ያስኬድ ነበር። ሬምን ግን በ2011 የወጣው 9ኛው እትም እንኳ ያውቀዋል። ኤም የተባለው መለኪያ ከዚያም እጅግ ይቀድማል። የመስመርን ከፍታ መለኪያ የሚያደርገው ኤልኤች ሳይቀር በ2023 ክሮም፣ ሳፋሪና ፋየርፎክስ ውስጥ ገብቷል። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ሁሉን በሬም ጽፋችሁ ሥሩን ራሱን 10 ፒክስል ብላችሁ ታስሩታላችሁ። ይህ ስሙን የቀየረ ፒክስል ነው።

ሲኤች የተባለውን መለኪያ ግን ለአማርኛ ዓምድ ስፋት አትመኑት። የሚለካው በዜሮ አኃዝ ስፋት ነው፤ የግዕዝ አኃዝ ደግሞ ዜሮ የለውም። በዚያ ላይ እንደ ሮቦቶ ያለ የላቲን ፎንት ካስቀደማችሁ ልኩ የሚወሰደው ከእሱ ነው፤ አንባቢው የሚያየው ፊደል ግን ከሌላ ፎንት፣ ለምሳሌ ከኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ይመጣል። ለቻይና ፊደል አይሲ የሚባል የራሱ መለኪያ ተበጅቶለታል። ለእኛ እስኪበጅ ዓምዱን በኤም ለኩ፤ ፎንቱንም ራሳችሁ ምረጡ።

በተለይ የባንክና የመንግሥት አገልግሎት ገጽ የምትሠሩ፣ አንባቢያችሁ ሌላ ገጽ ልምረጥ ማለት አይችልም። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ከ2008 ጀምሮ ጽሑፍ ይዘቱም አገልግሎቱም ሳይጓደል እስከ 200 በመቶ ማደግ አለበት ይላል። በስልክ ላይ በሁለት ጣት ማጉላትን የምትከለክል መስመር ኮዳችሁ ውስጥ ካለች ዛሬውኑ አውጧት። ለውበት ተብሎ የተደረገ ቢሆንም ሰውን ከገንዘቡና ከጉዳዩ ይለያል።

የምለምናችሁ ይህን ነው። የራሳችሁን ብራውዘር 24 ላይ አድርጉና የሠራችሁትን ገጽ ክፈቱ። ጽሑፉ ካላደገ ፒክስሉን በሬም ተኩ። አድጎ መስመሮቹ ከተደራረቡ፣ የመስመሩን ከፍታ በፒክስል አስራችኋል ማለት ነውና 1.6ን በመሰለ ባዶ ቁጥር ለውጡት። ቁልፉ ላይ ያለው ጽሑፍ ከተቆረጠ የቁልፉን ቁመት ፍቱለት። ከዚያ አለቃችሁ «ለምን ተለወጠ?» ቢል፣ ይህን ደብዳቤ አሳዩት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢ