የሦስት ቀን ቀዳዳ

በአሜሪካ ሳውዝ ካሮላይና ግዛት፣ በቻርልስተን ከተማ የምትገኘው አማኑኤል የአፍሪካ ሜቶዲስት ኤጲስ ቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን በምእመናኗ ዘንድ «እናት አማኑኤል» ትባላለች። በባርነት ዘመን ጌቶች በዓይነ ቁራኛ ይጠብቋት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1822 ከመሥራቾቿ አንዱ ዴንማርክ ቬሲ ባሮችን ለዐመፅ አደራጅቷል ተብሎ ተሰቀለ፤ ከእሱ ሌላ ከ30 በላይ ሰዎች ተሰቅለዋል፤ ሕንፃዋም ፈረሰ።

ረቡዕ ጁን 17 ቀን 2015 (ሰኔ 10 ቀን 2007 ዓ.ም.) ምሽት ጥቂት ምእመናን ለመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ተሰብስበው ነበር። የዕለቱ ንባብ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ያለው የዘሪው ምሳሌ ነው። የማያውቁት ነጭ ወጣት ሲገባ በእንግዳ ወግ ተቀብለው መጽሐፍ ሰጡት። አንድ ሰዓት ያህል አብሯቸው ቆየ። ለመዝጊያው ጸሎት ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ተኮሰባቸው። ስድስት ሴቶችና ሦስት ወንዶች ሞቱ፤ የሁሉም ታናሽ 26 ዓመቱ፣ የሁሉም ታላቅ የ87 ዓመት አዛውንት ነበሩ። ከሟቾቹ አንዱ የቤተ ክርስቲያኒቱ መጋቢና የግዛቱ ሴናተር ክሌመንታ ፒንክኒ ናቸው። ገዳዩ ያነሳሳው የዘር ጥላቻ መሆኑን አልሸሸገም፤ በ2017 በፌዴራል ፍርድ ቤት ሞት ተፈረደበት።

ግድያው በተፈጸመ በሁለተኛው ቀን የሟች ቤተሰቦች ችሎት ላይ ቆመው ለገዳዩ ይቅርታ አደረጉለት። የዓለም መገናኛ ብዙኃን ይህን ደጋግመው አስተጋቡት፤ ቤተሰቦቹ ካሳዩት ትዕግሥት አንጻር ደግሞ ቢያስተጋቡት አይፈረድባቸውም። ሽጉጡ እንዴት በገዳዩ እጅ ገባ የሚለው ጥያቄ ግን የዚያን ያህል አልተጠየቀም።

በ1993 የወጣው የብሬዲ ሕግ ፈቃድ ያለው የጦር መሣሪያ ነጋዴ ከመሸጡ በፊት የገዢውን የኋላ ታሪክ እንዲያጣራ ያስገድዳል። ማጣራቱን በአብዛኛው የሚሠራው ኤፍ ቢ አይ ነው። መልሱ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ካልመጣ ነጋዴው መሸጥ ይችላል። ገዳዩ ወጣት ከጥቃቱ ወራት በፊት አደንዛዥ ዕፅ ይዞ ተገኝቶ፣ የእሱ መሆኑን አምኖ ነበር። ይህ ብቻውን ሽጉጥ ከመግዛት ያግደው ነበር። ግዢውን የምታጣራው የኤፍ ቢ አይ መርማሪ ግን መዝገቡ ላይ በሰፈረ ስህተት ምክንያት የዕፁን ጉዳይ ያልያዘ ፖሊስ ጣቢያ ጠየቀች። ሦስቱ ቀናት አለፉ፤ ነጋዴው ሽጉጡን አስረከበ። ሕግ አልጣሰም፤ ክፉው ነገርም ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ይህ ክፍተት «የቻርልስተን ቀዳዳ» ተባለ።

በወቅቱ የኤፍ ቢ አይ ዳይሬክተር የነበሩት ጄምስ ኮሚ ስህተቱን ያመኑት ጁላይ 10 ቀን 2015 ነው። በዚያው ዕለት ባርነትን ለማስቀጠል የተዋጋው የኮንፌዴሬሽን ሰንደቅ ዓላማ ከግዛቱ ምክር ቤት ግቢ ወረደ። ባንዲራ ማውረድ ለሟቾች የተደረገ ክብር መሆኑ አይካድም። ባንዲራውን ለማውረድ ሦስት ሳምንት ሲበቃ፣ ቀዳዳው ግን ዓመታት አልፈውም አልተደፈነም። በ2021 የፌዴራሉ መንግሥት ከሟች ቤተሰቦችና ከተረፉት ጋር በ88 ሚሊዮን ዶላር ታረቀ፤ ካሳው ተከፈለ እንጂ ሕጉ በነበረበት ቀረ።

የማጣሪያውን ጊዜ ወደ አሥር የሥራ ቀናት የሚያራዝም ረቂቅ በ2019ም በ2021ም በተወካዮች ምክር ቤት ጸድቆ ሴኔት ላይ ቆመ። በሜይ 2022 ቡፋሎ ከተማ በሚገኝ የጥቁሮች ሰፈር ሱፐርማርኬት ውስጥ አንድ ነጭ ዘረኛ አሥር ሰዎች ገደለ፤ በዚያው ወር በቴክሳስ የኡቫልዴ ትምህርት ቤት ጥቃት ደረሰ። ከእነዚህ ጥቃቶች በኋላ በጁን የወጣው የፌዴራል ሕግ የማጣሪያውን ጊዜ እስከ አሥር የሥራ ቀናት ማራዘም ፈቀደ። የሚመለከተው ግን ከ21 ዓመት በታች ያሉ ገዢዎችን ብቻ ነው። የቻርልስተኑ ገዳይ ሽጉጡን ሲገዛ 21 ሞልቶት ስለነበር ይህ ሕግ ቢኖርም አይነካውም ነበር። ፈቃድ ከሌለው ግለሰብ የሚገዛ ሰው ደግሞ በፌዴራል ሕግ ጭራሽ አይጣራም።

ክፍተቱ በፌዴራሉ ሕግ ብቻ አይደለም፤ ሳውዝ ካሮላይና የራሷ የጥላቻ ወንጀል ሕግ ከሌላቸው ጥቂት ግዛቶች አንዷ ናት። በክሌመንታ ፒንክኒ ስም የተሰየመው ረቂቅ በግዛቱ ተወካዮች ምክር ቤት ሁለት ጊዜ አልፏል። ያልተሳካለት፣ ሟቹ ራሳቸው አባል በነበሩበት ሴኔት ነው።