አንቀጽ 117 ይሰረዝ

በነሐሴ 2016 ዓ.ም. አንድ ዜና አገሩን አናወጠው። በባሕር ዳር የሰባት ዓመት ሕፃን ደፍሮ የገደለው ሰው 25 ዓመት እንደተፈረደበት ሲሰማ፣ «ሞት ይገባዋል» የሚለው ጩኸት ከየአቅጣጫው ተነሣ። በቁጣው እስማማለሁ፤ በጩኸቱ ግን አልስማማም። እናቲቱ በአደባባይ የተናገረችው ስለ ልጇ ብቻ ሳይሆን በራሷ ላይ ስለደረሰው ዛቻም ነበር። ለዛቻው መፍትሔው በጊዜ የሚደርስ ፖሊስ፣ ለእናት የሚደረግ ጥበቃ፣ ልጆችን ከጥቃት የሚከላከል ሥርዓት ነው። ሞት እንዲፈረድ መጮህ ግን ከዚህ ሁሉ ይቀላል፤ በጀት አያስወጣም፣ ባለሥልጣንንም አያስጠይቅም።

አርባ ምንጭን እናስታውስ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና አካባቢው የጋሞ ተወላጆች መገደላቸው ሲሰማ፣ የአርባ ምንጭ ወጣት ሊበቀል በቁጣ ወጣ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ከፊቱ ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ተመለሰ። «ያ የመንጋ በቀል ነበር፤ የሞት ቅጣት ግን የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ አባቶቹ ያዳኑት ምንም ያላጠፉ ሰዎችን ነው። ግን ንጽጽሩ መንግሥትን ይበልጥ ያስወቅሰዋል እንጂ ነጻ አያወጣውም። ወገኑ የታረደበት ወጣት ደሙ ፈልቶ ሳለ እጁን ሰብስብ ተብሎ ሰብስቧል። መንግሥት ደሙ አልፈላም። ሞት የፈረደበትን ሰው አስሮታል፣ ከሕዝቡ ለይቶታል፤ ከዓመታት በኋላ በተረጋጋ መንፈስ፣ በደብዳቤና በፊርማ ነው የሚገድለው። ከሐዘንተኛው የምንጠብቀውን ትዕግሥት ሐዘን ከሌለበት ተቋም የማንጠብቀው ለምንድን ነው?

ፍርዱስ ምን ያህል ይታመናል? ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. 60 ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ፤ ያ ፍርድ ቤት ስላልነበረ ነው እንበል። በታኅሣሥ 2002 ዓ.ም. ግን በፍርድ ቤት፣ በዐቃቤ ሕግና በዳኛ፣ የተቃዋሚ መሪዎቹ ብርሃኑ ነጋና አንዳርጋቸው ጽጌ በሌሉበት ሞት ተፈረደባቸው። አንዳርጋቸው በ2006 ዓ.ም. ሰንዓ ላይ ተይዞ ወደ አገር ቤት መጣ፤ በግንቦት 2010 ዓ.ም. ተፈታ። ብርሃኑ በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስትር ሆነ። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ዛሬ የሚወስደውን የመውጫ ፈተና ሥራ ላይ ያዋለው ሚኒስቴር የሚመራው፣ ፍርድ ቤት ይሙት ባለው ሰው ነው። ስህተቱ ሊታረም የቻለው ሰዎቹ ስላልተገደሉ ብቻ ነው።

«ቅጣቱ እኮ አይፈጸምም» ይባላል። በይፋ እንደሚታወቀው ቅጣቱ የተፈጸመበት የመጨረሻው ሰው፣ በ1993 የደኅንነቱን ኃላፊ ክንፈ ገብረ መድኅንን ገድሏል ተብሎ የተፈረደበት ሻለቃ ፀሐይ ወልደ ሥላሴ ነው፤ በ1999 ዓ.ም. ክረምት ተገደለ። ቢሆንም ፍርዱ ዛሬም ሊፈጸም ይችላል፤ በሕጉ መሠረት የሚፈጸመው ርእሰ ብሔሩ ሲያጸድቀው ነው። ስለዚህ ሞት የተፈረደበት እስረኛ ሕይወቱ የተንጠለጠለው በአንድ ሰው ብዕር ላይ ነው፤ ያ ብዕር ደግሞ ሁሉንም እኩል አያይም። በ2003 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ የሃይማኖት አባቶች ባቀረቡት ልመና የ23 የደርግ ባለሥልጣናትን የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ ለወጡ። ውሳኔውን እደግፋለሁ። ግን በቀይ ሽብር የተፈረደባቸው ከሞት ከተረፉ፣ አማላጅ የሌለው ድሃ እስረኛ በምን ሚዛን ነው ፍርዱን ተሸክሞ የሚቀመጠው?

ወንጀሉ ሲከብድ ከሞት ሌላ ቅጣት የለም የሚለውን ሩዋንዳ መልሳዋለች። ያን ሁሉ እልቂት ያየች አገር በፈረንጆቹ 2007 የሞት ቅጣትን ሰርዛለች።

ሕገ መንግሥቱን መንካት አያስፈልግም። አንቀጽ 15 በከባድ ወንጀል ሞት ሊፈረድ እንደሚችል ይፈቅዳል እንጂ ይፈረድ ብሎ አያዝም። ፓርላማው የ1996ቱን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 117 ሰርዞ የዕድሜ ልክ እስራት ከፍተኛው ቅጣት ይሁን ቢል ይበቃል፤ አስቀድሞ የተፈረደባቸውንም ሁሉ፣ ስም ያለውንም የሌለውንም፣ በአንድ ውሳኔ ወደ ዕድሜ ልክ ማዛወር ይቻላል።