ቁም ሣጥኑ ምንድን ነው?

ግራ የሚያጋባ ፊልም ባየን ቁጥር «ፍቺው ምንድን ነው?» እያልን መምህራንን እናስጨንቃለን። ሮማን ፖላንስኪ በፖላንድ በዉጅ ከተማ የፊልም ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ፣ በ1958 እ.ኤ.አ. «ሁለት ሰዎችና አንድ ቁም ሣጥን» የተባለ ንግግር የሌለበት አጭር ፊልም ሠራ። ሁለት ሰዎች ባለመስተዋት ቁም ሣጥን ተሸክመው ከባሕር ይወጣሉ። ትራሙም፣ ምግብ ቤቱም፣ ሆቴሉም አይቀበላቸውም፤ ዱርዬዎች ይደበድቧቸዋል። በመጨረሻ አንድ ሕፃን የሠራውን የአሸዋ ክምር ላለመርገጥ እየተጠነቀቁ ወደ ባሕሩ ይመለሳሉ።

ቁም ሣጥኑ ለአንዱ ድህነት፣ ለሌላው ስደት ሊሆን ይችላል። ይህ ማለት ግን ያሻንን እንናገር ማለት አይደለም፤ የቅኔ ተማሪ ወርቁን የሚፈልገው ከሰሙ ውስጥ ነውና። ያንን ጥንቃቄ የዘነጋ ፍቺ ጎዶሎ ነው።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ መልሱን ከመምህር አንጠብቅ። የከተማው ሰው ጥፋት ቁም ሣጥኑን አይቶ ተሸካሚዎቹን አለማየቱ ነበር፤ እኛም ፍቺ ስናሳድድ ሰዎቹን አንርሳ።