የምናውቀው ሰው የላከው ሊንክ

ባለፈው ዓመት፣ የመመረቂያ ጽሑፋችንን ንድፍ ለማቅረብ በምንዘጋጅበት ሰሞን፣ አብሮኝ ከሚማር ጓደኛዬ በቴሌግራም አንድ መልእክት ደረሰኝ። የእህቱ ልጅ በሥዕል ውድድር እየተሳተፈች መሆኗን ጠቅሶ፣ የተያያዘውን ሊንክ ከፍቼ ድምፅ እንድሰጣት ይጠይቃል። ከፈትሁት። ገጹ ስልክ ቁጥሬን ጠየቀኝ፤ ሰጠሁ። ቀጥሎ ከቴሌግራም የደረሰኝን ባለ አምስት አሐዝ ቁጥር እንዳስገባ ሲጠይቀኝ ኔትወርክ ተቋረጠ። ያዳነኝ ይኸው ነው፤ ጥንቃቄ ነበር ብዬ ብጽፍ ሐሰት ይሆናል። በዚያው ምሽት ከጓደኛዬ አካውንት ለብዙዎቻችን «ለአስቸኳይ ጉዳይ ገንዘብ አበድሩኝ፣ ነገ ጠዋት እመልሳለሁ» የሚል መልእክት ተላከ፤ ሁለት የክፍላችን ተማሪዎችም ገንዘብ ላኩ። ጓደኛዬ አካውንቱ እንደተወሰደበት ያውቅ ነበር፤ ነገር ግን አፍሮ እስከ ሦስተኛው ቀን ለማንም አልተናገረም።

ስልቱ እጅግ ቀላል ነው። አጭበርባሪው የተቀበለውን ስልክ ቁጥር በራሱ መሣሪያ ላይ ወደ ቴሌግራም ያስገባል፤ ቴሌግራም የመግቢያ ቁጥሩን ለትክክለኛው ባለቤት ይልካል፤ ባለቤቱም ለውድድሩ የተጠየቀ መስሎት በገዛ እጁ ያስረክባል። ለዚህ የረቀቀ ፕሮግራም መጻፍም ሆነ ስልክ መስረቅ አያስፈልግም። በሁለት ሰዎች መካከል ለዓመታት የቆየ መተማመን ከበቂ በላይ ነው።

ስለዚህም በየስብሰባውና በየማስታወቂያው የምንሰማው «ከማያውቁት ሰው የመጣን ሊንክ አይክፈቱ» የሚለው ምክር ዋናውን ጉዳይ ስቶታል እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በራሳቸው ተማሪዎች ላይ ያካሄዱትና በ2007 «ሶሻል ፊሺንግ» በሚል ርእስ የታተመው ሙከራ ይህን በቁጥር አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ማን የማን ጓደኛ እንደሆነ በይፋ ከሚታዩ ገጾች ሰብስበው፣ የይለፍ ቃል ወደሚጠይቅ ገጽ የሚመራ ኢሜይል ላኩ። ላኪው የማይታወቅ ሰው በሆነ ጊዜ የታለሉት 16 በመቶ ነበሩ። በጓደኛ ስም በተላከ ጊዜ ግን 72 በመቶው የዩኒቨርሲቲ የይለፍ ቃላቸውን አስገቡ። ሙከራው ያለ ተሳታፊዎቹ ቅድመ ፈቃድ በመካሄዱ ብርቱ ቅሬታ አስነሥቷል፤ ቅሬታውም ተገቢ ይመስለኛል። እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፦ ተማሪዎቹ አስተያየታቸውን እንዲጽፉ መድረክ ሲከፈትላቸው እኔ ተታልያለሁ ብሎ የጻፈ አንድም አልተገኘም። ብዙዎቹ የሚናገሩት ስለተታለሉ ጓደኞቻቸው ነበር። የጓደኛዬን የሦስት ቀን ዝምታ ያስታወሰኝ ይህ ነው።

ወደ ራሳችን ልመለስ። ምዝገባ፣ የፈተና መርሐ ግብር፣ የአማካሪ መምህራን ምደባ፣ እነዚህ ሁሉ ዛሬ የሚደርሱን ማን እንደሚያስተዳድረው በማይታወቅ የቴሌግራም ቻናል በሚለጠፍ ያጠረ ሊንክ ነው። ሊንኩ ወደ ጉግል ፎርም ይወስደናል፤ ፎርሙ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥርና ስልክ ይጠይቃል፤ ከግርጌውም «ዛሬ እስከ 11፡00 ሰዓት ያልሞላ ኃላፊነቱን ራሱ ይወስዳል» የሚል ማስጠንቀቂያ ይነበባል። አጭበርባሪ ከዚህ የተለየ ምን ይጽፋል? ጥድፊያው ያው ነው፤ የላኪው ማንነት በሁለቱም በኩል የተሰወረ ነው። አለመጠርጠርን ስናስተምር ከርመን ተማሪው አለመጠርጠሩን ስናወግዝ ፍርዳችን የተዛባ ይሆናል።

ይህን ስል ጣቴን ወደ ቢሮዎች ብቻ መቀሰሬ አይደለም። ከሁሉ ይልቅ ሊንክ የምንበትነው እኛ ተመራማሪዎችና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ነን። «ሁለት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል፤ እባክዎ ለሚያውቋቸው ሰዎችም ያጋሩ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ያልጻፈ የክፍል ጓደኛ የለኝም። አንዱ ተሳታፊ ሌላውን እንዲጋብዝ የሚያደርገው የናሙና አወሳሰድ ዘዴ ደግሞ፣ በመንገዱ ብቻ ከተመለከትነው፣ የሥዕል ውድድሩ ሊንክ ከተጓዘበት መንገድ አይለይም፤ ሁለቱም ከወዳጅ ወደ ወዳጅ በመተማመን ይሻገራሉ። በመጠይቁ መጨረሻ ላይ ስልክ ቁጥር የምንጠይቅበት ምክንያትም ብዙ ጊዜ ለራሳችን እንኳ ግልጽ አይደለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ ልማድ የሥነ ምግባር ብቻ ሳይሆን የሕግም ጥያቄ ሆኗል።

መጠይቅ በወረቀት ማሰባሰብ ውድ ነው፣ ጊዜው አጭር ነው፣ የሚሞላው ሰው ጥቂት ነው የሚል መቃወሚያ እንደሚቀርብ አውቃለሁ። በሊንክ መጠቀም ይቅር አልልም። የምለው ተቀባዩ እኛን ሳይጠይቅ በሌላ በኩል ሊያረጋግጠን የሚችልበት መንገድ ይኑር ነው። መጠይቁ በትምህርት ክፍሉ ድረ ገጽ ቢቀመጥ፣ አድራሻው ሳያጥር ሙሉውን ቢታይ ብዙ ይቀላል። የአድራሻን ባለቤት ለማወቅ ከመጀመሪያው ነጠላ እዝባር በፊት ያለውን ስም መጨረሻውን መመልከት ያስፈልጋል፤ የታወቀ ስም ከፊት መቅደሙ ምንም አያረጋግጥም፣ ማንም ሊያስቀድመው ይችላልና። በ«ዶት ኢዱ ዶት ኢቲ» የሚያበቃ ስም የኢትዮጵያ የትምህርት ተቋም መሆኑን ይጠቁማል። በአሳሹ ላይ የሚታየው የቁልፍ ምልክት ግን የመስመሩን መመስጠር እንጂ የባለቤቱን ታማኝነት አይናገርም፤ ይህን የሚያምታቱ መምህራን ጭምር አጋጥመውኛል። የቴሌግራም ሁለተኛ ደረጃ ማረጋገጫን ማብራት ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም አንዳንድ የሐሰት ገጾች ያንንም የይለፍ ቃል ስለሚጠይቁ ብቻውን መተማመኛ አይሆንም።

እኔ ራሴ የመመረቂያ ጽሑፌን መጠይቅ በዚህ መልክ አሻሽዬዋለሁ። ስልክ ቁጥር መጠየቁን ተውሁ፤ ከላይ የትምህርት ክፍሉን የቢሮ ስልክ አሰፈርሁና ተጠራጥሮ መደወል ተገቢ መሆኑን ጻፍሁ። የምፈልገውን ያህል መልስ ለማግኘት ካሰብሁት በላይ ሦስት ሳምንት ወሰደብኝ፤ አማካሪዬም በመዘግየቴ አልተደሰቱም። አንዲት የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ወደ ቢሮው ደውለው እንዲህ የሚባል ተማሪ መኖሩን፣ ጥናቱም መጽደቁን ጠይቀው ካረጋገጡ በኋላ መጠይቁን ሞልተዋል። የክፍሉ ጸሐፊ እንደነገሩኝ ከተሳታፊዎቹ ሁሉ የደወሉት እሳቸው ብቻ ናቸው።